ሁለት ሙከራ፣ አንድ መስመር፦ ዝንጅብልን በስሌት መለየት



ዝንጅብል በሱረቱል ኢንሳን ከጀነት መጠጥ ጋር ተወስቷል። በወላይታ ደግሞ ለብዙ ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ነው። የሚያቃጥል ጣዕሙ በዋናነት ጂንጀሮል ከሚባሉ ውህዶች ይመጣል። ሲደርቅና ሲሞቅ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል። ስለዚህ ከሻንቶ ገበያ የተገዛ ደረቅ ዝንጅብል ውስጥ የትኛው ምን ያህል እንዳለ በምላስ አይታወቅም፤ ውህዶቹን ለያይቶ መለካት ያስፈልጋል።

ይህን የሚሠራው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ የተባለው የክሮማቶግራፊ መሣሪያ ነው። ናሙናው በፈሳሽ እየተገፋ በጠባብ ኮለምን ውስጥ ያልፋል፤ ኮለምኑ አጥብቆ የሚይዘው ውህድ ዘግይቶ ይወጣል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ የውሃና የአሴቶናይትራይል ድብልቅ ነው። አሴቶናይትራይሉ ሲበዛ ውህዶቹ ቶሎ ይወጣሉ፣ ግን ሊደራረቡ ይችላሉ። ሲያንስ ደግሞ ብዙ ጊዜና ፈሳሽ ይፈጃል።

ልኩን ለማግኘት ከ40% እስከ 60% በየ1% ብንሞክር 21 ሙከራ ይሆናል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሎይድ ስናይደርና ጆን ዶላን ድራይላብ በተባለው ሶፍትዌር ይህን ድካም ወደ ኮምፒውተር አዞሩት። መሠረቱ ቀላል ነው፦ ውህዱ በኮለምኑ የመያዙ መጠን በሎጋሪዝም ሲሰላ፣ ከአሴቶናይትራይሉ መቶኛ ጋር በግምት ቀጥታ መስመር ይሠራል። መስመር ለማስመር ደግሞ ሁለት ነጥብ ይበቃል።

ለምሳሌ ኮለምኑ ጨርሶ የማይዘው ነገር በ1 ደቂቃ ይወጣል እንበል። አንድ ውህድ በ40% በ11 ደቂቃ፣ በ60% በ2 ደቂቃ ወጣ። አንዷን ደቂቃ ስንቀንስ 10 እና 1 ይቀራሉ፤ ሎጋሪዝማቸው 1 እና 0 ነው። ስለዚህ በ50% መካከሉ 0.5 ይሆናል፤ ይህም 3.16 ማለት ነው። አንዷን ደቂቃ ስንመልስ ውህዱ በ4.2 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። ተራ አማካይ ብንወስድ ኖሮ 6.5 ብለን እንሳሳት ነበር።

ይህንኑ ለእያንዳንዱ ውህድ በኤክሴል ሠርቶ፣ ሁሉም በደንብ የሚራራቁበትን መቶኛ መምረጥ ይቻላል። ስሌቱ ግምት ስለሆነ የተመረጠውን በመሣሪያው ማረጋገጥ ግድ ነው። በጠቅላላው 21 የነበረው ሙከራ 3 ሆነ ማለት ነው።

አሴቶናይትራይል በውጭ ምንዛሪ የሚገባ፣ ሲወገድም ጥንቃቄ የሚሻ መርዛማ ፈሳሽ ነው። ኢስራፍን መራቅ በውዱእ ውሃ ብቻ አይወሰንም፤ ላብራቶሪ ውስጥም አማና አለብን። የመመረቂያ ጥናት የምትጀምሩ ሁሉ፣ ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት መስመሩን አስምሩ።

ወላሁ አዕለም።