ሶፍትዌሩ ይፈተን

በመኪና ላይ የሚገጠም የጂፒኤስ መሣሪያ ዛሬ በፍርድ ቤት እንደ ምስክር ሊቀርብ ይችላል። ታዲያ የዚህን ምስክር ቃል የሚያወጣው ሶፍትዌር የግድ ውድ መሆን አለበትን?

የለበትም እንላለን። ኦቶፕሲ የተባለው የምርመራ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ዋናው መሣሪያ ሳይነካ በቅጂው ላይ የተሰረዙ ፋይሎችን ጭምር ይፈልጋል። ብዙዎቹ የጋርሚን መሣሪያዎች ጉዞን የሚመዘግቡበት የጂፒኤክስ ፋይልም ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ በማናቸውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይነበባል።

አደጋው ያለው ከአነባበቡ ላይ ነው። የተቀመጠ አድራሻ ሰውዬው ቦታውን መፈለጉን እንጂ መድረሱን አያስረዳም። ሰዓቱም የሚመዘገበው በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ነው፤ ፋይሉ 18፡00 ያለው በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ መርማሪ በምሽቱ 12 ሰዓት ለተፈጸመ ወንጀል ንጹሑን ሰው ሊያስከስስ ይችላል።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚመርጥ ወጣት ባለሙያ አስቀድሞ ይፈትነው። ተመሳሳይ መሣሪያ ይዞ በሚያውቀው መንገድ ይጓዝ፤ የደረሰበትን ቦታና ሰዓት በወረቀት ይጻፍ፤ በኋላም ወረቀቱን ሶፍትዌሩ ከሚለው ጋር ያስተያይ። ሁለቱ ካልተስማሙ የተከፈለው ገንዘብ ብዛት ስሕተቱን እውነት አያደርገውም።