ጺምን ስለ መላጨትና ስለ ምላጭ ጥንቃቄ

ጺሙን የሚላጭ ሰው ሁሉ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለታም ብረት ወደ ጕሮሮው እንደሚያስጠጋ ብዙ ጊዜ አያስበውም። ነገሩ ልማድ ስለ ሆነ፣ ከአባቶቻችን ያየነውን ይዘን ወይም በጠጕር አስተካካይ ቤት የተደረገልንን ቆጥረን መላጨትን የተማርን ይመስለናል። እኔም በኩታበር በመምህርነት ስሠራ ብዙ ዓመት እንዲሁ ሲመስለኝ ቆይቶ፣ ዐርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ይህን ሥራ እንደ ገና ከፊደሉ ለመጀመር ተገደድሁ። በዚያ ትምህርት ያገኘሁት እውቀትና የደረሰብኝ ድንጋጤ ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

የተገደድሁበት ምክንያት በአገጬ ሥርና በአንገቴ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ነበር። በተላጨሁ በማግሥቱ ያሳክከኛል፤ በሦስተኛው ቀን ትንንሽ እባጭ ይሆናል፤ አንዳንዱም መግል ይይዛል። የሳሙናው ጠንቅ ነው ብዬ ሳሙና ብለውጥ፣ የውሃው ብርድ ነው ብዬ ውሃ ባሞቅ ሊተወኝ አልቻለም። በመጨረሻ ከኩታበር ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ወደሚገኘው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድሁ። ቦሩ ሜዳ ለታሪክ አዋቂ የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የተደረገበት ስፍራ ነው፤ ለወሎ ሕዝብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሥጋ ደዌና የቆዳ በሽታ የሚታከምበት ቦታ ነው።

ሐኪሙ አንገቴን በማጉያ መነጽር ተመልክቶ፣ «መምህር፣ የሚወጋዎት የገዛ ጠጕርዎ ነው» አለኝ። እንዳስረዳኝም ጥምዝምዝ ጠጕር ያለው ሰው ጺሙን ከሥሩ አጥልቆ ሲላጭ የጠጕሩ ጫፍ እንደ እሾኽ ይሾላል፤ ሲያድግም ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ ተጠማዝዞ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባል። ሰውነትም የገባበትን ነገር እንደ ባዕድ ቈጥሮ ያብጥበታል። ይህ ሕመም ጠጕሩ ልል በሆነ ሕዝብ ዘንድ ጥቂት ሲሆን፣ እንደ እኛ ጠጕሩ በተጠቀለለ ሕዝብ ዘንድ ግን እጅግ የተለመደ ነው። ምክሩ አጭር ነበር፤ ለአንድ ወር ያህል ምላጭ አለማስነካት፤ ከዚያ በኋላ ቆዳን እየወጠሩና ጠጕሩን ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ እየገፉ አለመላጨት፤ ሦስትና አራት ስለት የተደራረበበት መላጫ ጠጕሩን ስቦ ከቆዳ በታች ስለሚቈርጠው እርሱን መተው፤ በአንድ ስለት፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና አረፋ መላጨት። ይህም ካልሆነ ጺምን ማሳደግ ራሱ ፍቱን መድኃኒት መሆኑን ነገረኝ። ጺማቸው እስከ ደረታቸው የሚወርደው አጎቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ሳቁብኝ።

ስለ ስሱ ምላጭ ታሪክ ጥቂት ልናገር። በቀድሞ ዘመን ምላጭ ማለት በሞረድና በቆዳ እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ ነበር። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ግን መሳል ቀርቶ፣ ሲደነዝዝ የሚጣል ስስ ብረት ቢሠራስ ብሎ ዐሰበ። እንዲህ ያለ ስስ ብረት ማጠንከር አይቻልም የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ሲሆኑ፣ መሐንዲሱ ዊልያም ኒከርሰን ብልሃቱን አገኘለት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ለገበያ በወጣበት የመጀመሪያ ዓመት የተሸጠው 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መያዣና 32 ሚሊዮን ያህል ምላጭ ባደለ ጊዜ ግን ራስን በራስ የመላጨት ልማድ ወደየቤቱ ገባ። የማይዝግ ብረት ምላጭ በሰፊው የታወቀው ዊልኪንሰን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ካቀረበው በኋላ ነው። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል ነው።

ምላጭ ለምን ይደነዝዛል ብሎ የጠየቀ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ብረቱ ከሰው ጠጕር ኀምሳ ጊዜ ያህል የጠነከረ ሲሆን ጠጕር እንዴት ያሸንፈዋል? በ2020 በአውሮፓ አቆጣጠር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን በአጉሊ መሣሪያ ተመልክተው፣ ስለቱ ቀስ በቀስ የሚያልቅ ሳይሆን የሚሸረፍ መሆኑን አሳይተዋል። ጠጕሩ በስለቱ ፊት ሲጐብጥ፣ የብረቱ ውስጣዊ አሠራር እኩል ባልሆነበት ቦታ ላይ ጥቂት ይገነጥልበታል። እንግዲህ ያልራሰና ያልለሰለሰ ጺም መላጨት ቆዳን ብቻ ሳይሆን ምላጩንም መጉዳት ነው።

ወሩ ሲፈጸም ከባድ የብረት መያዣና የጺም ብሩሽ ገዝቼ ትምህርቴን ጀመርሁ። ኩታበር ደጋ ነው፤ የጧቱ ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ውሃ ማሞቅ ቅንጦት አይደለም። ፊቴን በሞቀ ውሃ በራሰ ፎጣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሸፍኜ እቈያለሁ፤ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ እስኪሆን መትቼ በክብ እቀባለሁ፤ መያዣውን ከቆዳው ጋር ሠላሳ ዲግሪ ያህል አጋድሜ በአጭር በአጭሩ ወደ ታች እስባለሁ። ከሁሉ ያስቸገረኝ እጅን ማቅለል ነበር። ብረቱ በገዛ ክብደቱ ይሠራል፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ እጫን ስለ ነበር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከቤት ስወጣ ባለቤቴ ደም መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ትከተለኝ ነበር።

ደሙን በምላጩ አመካኘሁ። ከደሴ ፒያሳ ሱቆች አራት ዓይነት ምላጭ ገዝቼ መጣሁ። የፋብሪካዎቹን ስም አልጽፍም፤ ለእኔ ፊት የተስማማው ለአንባቢ ላይስማማ ይችላልና። እያንዳንዱን ለአንድ ሳምንት እየሞከርሁ፣ የቈረጠኝን ቦታ፣ የወጣውን ሽፍታና ምላጩ እስከ ስንተኛው ጊዜ እንደ ሠራ እንደ ተማሪ ውጤት በደብተር መዘገብሁ። የመጀመሪያው እጅግ ስለታም ሆኖ በሦስት ቦታ ቀደደኝ፤ ከደብተሬ «አደገኛ» ብዬ ጣልሁት። ሁለተኛው ጠጕሩን ከመቁረጥ ይልቅ የሚነቅል ነበረ። ሦስተኛው ለሁለት ቀን ደኅና ሠርቶ ሰነፈ። አራተኛው እንደ ቅቤ ስለ ሄደልኝ ምስጋና ጻፍሁለት። በስድስተኛው ሳምንት አራተኛው አልቆብኝ፣ ያንን «አደገኛ» ያልሁትን ከመሳቢያ አውጥቼ ብላጭበት አንዲት ጠብታ ደም ሳትታይ ፊቴ ለሰለሰ። ለካ በእነዚያ ሳምንታት የተለወጠው እጄ ኖሯል። ለተማሪዎቼ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ሲፈተን ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ መቈየት አለበት እያልሁ የማስተምረውን እኔው ራሴ ረስቼዋለሁ።

ድንጋጤው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተላጨሁባቸውን ምላጮች በየወረቀታቸው ጠቅልዬ በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖር ነበር። አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ብጠይቃት እርሳስ ስትቀርጽ እንደ ቈረጣት ነገረችኝ። ምላጩን ከየት አገኘሽው ብላት መስኮቱን አሳየችኝ። ከዚያም፣ «አባዬ፣ ብቻዬን አይደለሁም፤ ከአጠገቤ የተቀመጠችውም ቈርጧታል፤ እየተቀባበልን ነው የቀረጽንበት» አለችኝ። እኔ ደሜን ያፈሰስሁበት ምላጭ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በልጆች እጅ ሲዞር ውሏል ማለት ነው።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አላገኘሁም። በደም የሚተላለፍ በሽታ ሲባል ሁላችን የምናስበው ኤች አይ ቪን ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ ወዲህ ምላጭን በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ተሰምቷል። ነገር ግን በምላጭ ጕዳይ ይበልጥ የሚያስፈራው ጉበትን የሚያቃጥለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ሕይወቱን ይዞ ይቈያል፤ ለመተላለፍም በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። በአገራችን ለሕፃናት ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ልጄና ጓደኛዋ ተከትበዋል፤ እኔና የዕድሜ እኩዮቼ ግን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ክትባቱ ልጆቹን ይጠብቃቸዋል ብዬ ብጽናናም፣ ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ለኤች አይ ቪም የለውም። በማግሥቱ የሌላይቱን ልጅ ወላጆች ፈልጌ የሆነውን ሁሉ ሳልሸሽግ ነገርኋቸውና ወደ ደሴ ወርጄ ደሜን አስመረመርሁ። ውጤቱን እስክሰማ ድረስ የልጅቱን እናት ዓይን ለማየት አልቻልሁም። ከሦስቱም ነጻ መሆኔ ተነገረኝ። በዚያው ሰሞን የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ጀመርሁ፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር የሚሰጥ ነው።

ወደ ጠጕር አስተካካይ የሚሄድ ሰው ምላጩ በፊቱ ከወረቀቱ ሲወጣ ማየት መብቱ ነው፤ መጠየቅም ነውር አይደለም። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ዛሬ አዲስ ምላጭ ለሁለት ሰብረው በመያዣ አስገብተው ይላጫሉ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መያዣው ሳይጸዳ ከቀረ፣ ወይም ደም ማቆሚያው ሸብ ከአንዱ ቍስል ወደ ሌላው ቍስል ከዞረ አዲሱ ምላጭ ብቻውን አያድንም። ቶንዶሱም ጭርትን ከራስ ወደ ራስ ያዛውራል፤ ጥርሱ በየሰዉ መካከል ተጠርጎ በ70 በመቶ አልኮል መታሸት ይገባዋል። መያዣው መጀመሪያ በሳሙና ከታጠበ በኋላ፣ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ለዐሥር ደቂቃ ይዘፈዘፍበት። ሳይታጠብ ቢዘፈዘፍ እድፉ የበረኪናውን ኀይል ያባክነዋል። በማፍላት ለማጽዳት የሚፈልግም በእኛ ደጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ዐውቆ፣ መንፈቅፈቅ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይጠብቅ።

ለአጎቴ ይህን መንገር ግን በረኪና ከመበጥበጥ የከበደ ነበር። እርሳቸው ከአባታቸው የወረሱት ታጣፊ ምላጭ አላቸው፤ በቤተ ዘመዱ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን የዐቂቃው ዕለት ራሱን የሚላጩት እርሳቸው ናቸው። የእኔንም ራስ ላጭተዋል። አዲስ የልጅ ልጅ ተወልዶ ቀኑ ሲቀርብ ቤታቸው ሄጄ ነገሩን አነሣሁ። «አብሽር ልጄ፣ ይህ ምላጭ ስንቱን ራስ አየ፤ ማንን ገደለ?» አሉኝ። እኔም ይህ በሽታ የሚገድለው ከሠላሳና ከዐርባ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ ማንም ምላጩን እንደማይከስሰው፣ በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ከዐሥሩ ዘጠኙ በሽታውን ዕድሜ ልኩን ይዞ እንደሚኖር፣ ከዚህ የሚጠብቀው አምስቱን በአንድ የያዘው ክትባት ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት እንጂ በሰባተኛው ቀን እንደማይደርስለት ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። እኔም ይዤ የሄድሁትን፣ ምላጩ የሚለወጥበትን ታጣፊ መያዣና አንድ ፓኮ ምላጭ ከፊታቸው አኖርሁ። መያዣውን ገለጥ ከደን አድርገው እጃቸው ላይ መዝነው፣ «ቀለለኝ» አሉ። በሰባተኛው ቀን ግን በእርሱ ላጩት፤ የአባታቸውንም ምላጭ በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን አስቀመጡት።

በትምህርት ቤታችን ከየክፍሉ ምላጭ ለሚያስረክብ ተማሪ መቅረጫ እንዲሰጥ ከባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጣን። ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ያለው የወተት ጣሳ በየአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በእኔ ክፍል ያለው በመጀመሪያው ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሲሞላ ቀዳዳውን በፕላስተር አሽገን፣ ያገለገሉ መርፌዎች በሚወገዱበት መንገድ እንዲወገድ ወደ ጤና ጣቢያው እንወስደዋለን። በቤቴ መስኮት ደፍ ላይም እንዲሁ ያለ ጣሳ አለ፤ ልጄ አንዳንድ ጊዜ እያንኰሻኰሸች ስንት እንደ ሆነ ለመገመት ትሞክራለች።