ከዜሮ ላይ መበደር

503 ሲቀነስ 247። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያስተማረ ሰው 344 የሚል መልስ ሳያጋጥመው አይቀርም። ልጁ ከ7 ላይ 3 ቀንሶ 4 ጻፈ፤ ከ4 ላይ ዜሮ ቀንሶ ሌላ 4 ጨመረ፤ ከ5 ላይ 2 ሲቀንስ 3 ቀረው። በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ ነው የቀነሰው፤ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ግድ አልሰጠውም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቀይ ኤክስና "ተጠንቅቀህ ሥራ" የሚል ምክር ነው።

ችግሩ ግን የጥንቃቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የልጆችን የመቀነስ ስህተት መርምረው፣ ብዙው ስህተት ልጁ ሳያዛንፍ ከሚከተለው የተጣመመ ሕግ የሚመነጭ መሆኑን አሳይተዋል። ሕጉ ካልተነካ ነገም 344 ነው። የዐምድ አሠራር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሕግ ይመቻል፤ 5ቱ አምስት መቶ መሆኑን ፈጽሞ ረስቶ መሥራት ይቻላልና።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ዜሮ ነው። "ሦስት መቶ አምስት ጻፊ" ስትባል 3005 የምትጽፍ ልጅ ጆሮዋ የሰማውን በታማኝነት አስፍራለች፤ 300፣ ከዚያ 5። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን አካሄዷ ትክክል ነበር። ፫፻፭ ሲነበብ ሦስት፣ መቶ፣ አምስት ነው፤ መቶ የራሱ ምልክት ስላለው ባዶ ቤት የሚጠብቅ ዜሮ አያስፈልግም፣ የለምም። ዛሬ የምንጽፍበት ቁጥር መቶን የሚያሳየው በቦታው ነው። አስር ቤት ውስጥ ዜሮ ካልተቀመጠ 305ቱ 35 ሆኖ ያርፋል። (አማርኛ በሌላ በኩል ለጀማሪ ደግ ነው፤ "አሥራ አንድ"፣ "አሥራ ሁለት" ሲባል አስሩ ይሰማል። በእንግሊዝኛው ኢለቨንና ትዌልቭ ውስጥ ማን ይሰማዋል?)

ታዲያ ዘዴው ይቅደም ወይስ ትርጉሙ? ክርክሩ ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊሊያም ብራውኔልና ሃሮልድ ሞዘር በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የመበደር ምክንያቱ ተብራርቶላቸው የተማሩት፣ እርምጃውን በቃል ብቻ ከያዙት ይልቅ ለአዲስ ዓይነት ጥያቄ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ይህ ግን ነገሩን አልቋጨውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መስፈርት፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እስከ 1000 ያለውን ቁጥር በቦታ ዋጋ ላይ በተመሠረቱ ስልቶች እንዲደምርና እንዲቀንስ ይጠይቃል፤ የተለመደውን የዐምድ ዘዴ አቀላጥፎ መሥራት የሚጠበቀው በአራተኛ ክፍል ነው። አሜሪካ ያለ አበሻ አባት የልጁን የቤት ሥራ ሲከፍት ሣጥንና መስመር ብቻ ያይና "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?" ይላል። እርሳሱን ተቀብሎ "ከጎረቤት አንድ ተበደር" ብሎ በልጅነቱ የተማረውን ያስተምራል።

በአባትየው አልፈርድም። የዐምድ ዘዴ ፈጣን ነው፣ ወረቀትም አይፈጅም፤ ሣጥን ሲሥሉ መክረም ደግሞ ራሱን የቻለ ሽምደዳ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ትርጉሙ ከዘዴው መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የብራዚል ጥናት በሬሲፌ ከተማ ገበያ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ሲሸጡ ከተጠየቁት ሒሳብ 98 በመቶውን መለሱ፤ ያንኑ ዓይነት ሒሳብ ያለ ዕቃና ያለ ገንዘብ በቁጥር ብቻ ሲጠየቁ ወደ 37 በመቶ ወረዱ። መንገድ ላይ ያሉ ቆሎ ሻጮቻችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ አያስገርምም።

503ን በብር እንየው፤ አምስት ባለ መቶና ሦስት ባለ አንድ። 247 ለመስጠት አንዱ መቶ በአስር ባለ አስር ይዘረዘራል፤ ከነዚያ አንዱ ደግሞ በአስር ባለ አንድ። እጅ ላይ አሁን 4 መቶ፣ 9 አስር፣ 13 አንድ አለ። ከዜሮው ራስ ላይ የሚጻፈው፣ ብዙ ልጅ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ የሚሸመድደው 9 ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ 6፣ 5፣ 2 ወይም 256 በራሱ ይወጣል።

ወረቀት ቆርጦ ብር መሥራት ወይም ስንጥር አስር አስር አድርጎ በክር ማሰር ወጪ የለውም። የሚፈጀው ጊዜ ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም በየተራ አስሩን ፈትቶ መልሶ እስኪያስር ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ መምህሩ ሳምንት ልስጠው ቢል ደግሞ መጽሐፉ ወደ ማባዛት ተሻግሯል።