ለራሱ የለቀመ

ይህን ስብሰባ ላይ አልናገረውም። ጆሮህን ካስጠጋህልኝ ግን ከሚዛኑ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ሹክ እልሃለሁ። ይርጋጨፌ ዙሪያ ካሉት የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች በአንዱ አራት የለቀማ ወቅት መዛኝ ሆኜ ሠርቻለሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የባለቤቱንም አልጠራም። የምጠራው ሰዎቹ የሚመጡበትን ቀበሌ ብቻ ነው፤ አሪቻን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የአሪቻ ሰው የማዳበሪያ ከረጢቱን ተሸክሞ፣ ቅርጫቱን ደግፎ፣ አህያውን ነድቶ እኔ ፊት ይሰለፍ ነበር።

እዚያ ቆሜ የተማርኩት ነገር ሲነገር ደስ አይልም። ይህን ቡና ጥሩ የሚያደርገው፣ ከቡናው ጋር ሰፈሩን የሚያቆመው፣ እያንዳንዱ ሰው አጥብቆ ለራሱ ማሰቡ ነው። ለሌላው አስቡ እየተባለ የተለቀመው ቡና ሲመጣም አይቻለሁ፤ እኔው ነኝ የመዘንኩት።

እሸት ቡና በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንኳ እኩል አይቀላም። ለቃሚው ዛሬ የቀላውን ወስዶ አረንጓዴውን ይተዋል፤ ወደዚያው ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። ሁሉንም ባንዴ ሙልጭ አድርጎ የሚገፍ ሰው ድካሙን ይቀንሳል፤ ጥሬው ግን እስከ ሲኒው ድረስ ይከተላል። አሪቻን አሪቻ የሚያሰኘው የአበባ ሽታ ይጠፋና ሣር ሣር የሚል፣ ምላስ የሚይዝ ነገር ይቀራል። ለውጭ ገበያ የሚሆን አንድ ኪሎ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈጃል። ጥቂት እፍኝ ጥሬ የስንት ሰው ድካም እንደሚያበላሽ አስበው።

በመጀመሪያው ዓመቴ ለቀማው ሲከፈት ስብሰባ ተጠራ። ቡና የአገር ሀብት ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለሁላችንም ስም ነው፣ ስለዚህ ቀይ ቀዩን አምጡ ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ። በማግስቱ ማታ ማዳበሪያዎቹን ስንገለብጥ ከላይ ቀይ፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ ሆኖ አገኘነው። ለቀዩም ለጥሬውም የምንከፍለው ዋጋ አንድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጣቢያው ለተመረጠ ቀይ በኪሎ ሁለት ብር ጨመረ። ስብሰባም አልተጠራ፣ ንግግርም አልተደረገ። ሳምንት ሳይሞላ ሰልፉ ውስጥ ያለው ማዳበሪያ መልኩ ተለወጠ። ከሁሉ የበዛ ጥሬ ደብቆ ያመጣ የነበረ አንድ ጎልማሳ፣ ጣቢያው በር ላይ ኬሻ አንጥፎ ከነሚስቱና ከነልጆቹ አንድ በአንድ ሲያበጥር አገኘሁት።

«አምናስ ምነው?» አልኩት።

«አምናማ ለማን ብዬ?» አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አምና «ለአገር»፣ «ለሁላችን» ብለነው ነበርና። እሱ ግን ማን እንደሆነ የማያውቀው «ሁላችን» እጁን እንዲያቀና ሊያደርገው አልቻለም። ሁለቷ ብር አቀናችው፤ እጁ ሲቀና ደግሞ የአገሩም ቡና አብሮ ቀና።

አሁን የበለጠ ዝቅ ብዬ የምነግርህ የራሴን ጥፋት ነው። የሚዛኑ ዜሮ ግማሽ ኪሎ ወደ ኋላ ተጎትቶ ነበር። ለማዳበሪያው ክብደትና ለእርጥበቱ ነው ይባል ነበር። ነገሩ ሲከነክነኝ ኃላፊዬን ጠየቅኩት፤ የሰጠኝ መልስ በጣም ያማረ ነበር። «ማንም ኪስ አይገባም። ጣቢያው እንዲቆም ነው። ጣቢያው ከቆመ የእነሱም ልጆች ሥራ ያገኛሉ። ለሁሉም የሚሆን መዋጮ ነው» አለኝ። አመንኩት። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ከመዘንክ መቶ ኪሎ እሸት ነው። ያን ሁሉ መቶ ኪሎ «ለሁሉም» እያልኩ ከእያንዳንዱ ላይ ቆርጫለሁ።

አንድ ማታ አንዲት እናት ተራዋ ሲደርስ ማዳበሪያዋን ከማውረዷ በፊት በነጠላዋ የጠቀለለችውን ድንጋይ አውጥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«መዝነው እስቲ ልጄ» አለችኝ።

ዘጠኝ ተኩል አለ።

«ከተማ እህል ቤት አስመዝኜዋለሁ፣ አሥር ነው። የጎደለችኝን ግማሽ ኪሎ ስጠኝ።»

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ኃላፊው መጥቶ አባበላት፤ ይቺ ትንሽ ነገር ለሁላችን ናት፣ ለጎረቤቶችሽም ጭምር ናት አላት። «የጎረቤቴን ጎረቤቴ ይጠይቅህ። እኔ የራሴን ነው» አለችው። ስለ ፍትሕ አልተናገረችም፤ ስለ ሌላው ሰውም አንድ ቃል አልወጣትም። ግማሽ ኪሎዋ ታስቦላት ሄደች። በዚያው ሌሊት ዜሮው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሰልፉ ሁሉ አይቷልና። ለራሷ ብቻ የጠየቀችው ለሁለት መቶ ሰው ተመለሰ። ስለ ሁሉም ይናገር የነበረው ሰው ደግሞ ከሁሉም ላይ ይወስድ እንደነበር ያን ማታ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ መስዋዕትነት ሲሰብክ መጀመሪያ የማየው ሚዛኑን የያዘው ማን እንደሆነ ነው።

ይህ የአንድ ጣቢያ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የአሪቻ አገር የሆነው የጌዴኦ ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ የተነሡት ገበሬዎች የጠየቁት የእጃቸውን ፍሬ ነው፤ ባለመሬቱ በቡናቸው ላይ የሚጥለው ድርሻ አንገሽግሿቸው ነበር። ብዙ ደም ፈሰሰ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ባለመሬቱን አስወገደው። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ሚዛን ያዥ መጣ። በደርግ ዘመን ነጋዴው ኮታውን በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ ለመንግሥት የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ያስረክብ ነበር። ምክንያቱ የሰፊው ሕዝብ ጥቅም ነበር። ሰፊው ሕዝብ የተባለው ገበሬው ራሱ ግን ለቡናው መጨነቁን ቀነሰ፤ ቡናም በሌሊት መንገድ መፈለግ ጀመረ። ከዓለም ዋጋ እጅግ ያነሰ እየተከፈለው ዛፉን እንዲኮተኩት የሚጠበቅ ሰው የት አለ?

ስለ ስምም ልንገርህ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም ያመጣው መልካም ነገር ነበር። ሻጭ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኝ ጀመር፤ ተበድሮ የሚጠፋ ገዢ ቀረ። ነገር ግን በግል ጣቢያ በኩል የሚሸጠው ቡና በወረዳና በደረጃ እየተመደበ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ።  የአሪቻው ሰው ማድረቂያ አልጋ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ያገላበጠው፣ እየመረጠ ያበጠረው ቡና፣ ጆንያው ላይ አሪቻ የሚል ነገር ሳይኖረው መርከብ ላይ ወጣ። በቀጥታ መሸጥ የተፈቀደላቸው ማኅበራት ናቸው ስማቸውን ይዘው የቆዩት፤ በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን አንዱ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ አቅራቢው ራሱ በስሙ እንዲልክ መንገድ ሲከፈት፣ ጣቢያችን ውስጥ ያየሁት ለውጥ በየስብሰባው ከተመከረው ሁሉ በለጠ። አልጋው ላይ የሚያበጥሩት ሴቶች ቁጥር ጨመረ። ሌሊት ዝናብ ሲያስገመግም ባለቤቱ ራሱ ፕላስቲኩን ለማልበስ ይሮጥ ጀመር። የራሱ ስም ነበር የሚረጥበው።

ገዢው ዘንድ ያለውን ደግሞ ስማ። ለገበሬው በማዘን የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ፍትሐዊ ንግድ ይሉታል። የታጠበ አረቢካ ዝቅተኛ ዋጋው ለብዙ ዓመታት በፓውንድ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። በ1994 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ እንዲህ ያለው ዋጋ ለብዙዎች መጠጊያ ሆኗል፤ ይህን አልክድም። ለአሪቻ ግን ከዚያ በላይ የሚከፍሉት የሚያዝኑላት ሰዎች አይደሉም። የጃስሚንና የሎሚ ሽታዋን ለራሳቸው ምላስ የሚፈልጉ፣ ሌላ ገዢ ሳይቀድማቸው ጆንያውን ለመያዝ የሚሻሙ ናቸው። አዝኖ የሚገዛህ ሰው ሐዘኑ ወደ ሌላ ሲዞር ይተውሃል፤ ቡናህን ወዶ የሚገዛህ ግን በሚቀጥለው ዓመት እሱ ራሱ ይፈልግሃል።

አዳም ስሚዝ በ1776 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩና ከዳቦ ጋጋሪው ደግነት እንዳልሆነ፣ የራሳቸውን ጥቅም በማሰባቸው እንደሆነ ጽፏል። ከሶቪየት ሩሲያ የወጣችው አይን ራንድ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1964 ለመጽሐፏ «የራስ ወዳድነት በጎነት» የሚል ስም እስከ መስጠት ደርሳለች። እኔ ግን ከእነሱ አልተማርኩትም። የእኛው ሰው «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ ጨርሶታል፤ የራሷ እያረረባት የሰው ስለምታማስለውም ሴት ተርቷል።

እዚህ ላይ ትጠይቀኛለህ፤ ታዲያ ሌባውስ? ባለሥልጣኑስ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውስ ለራሱ አላሰበም? እሱ የሚበላው የሌላውን ነው። እኔ የምለው ራስ ወዳድነት የራሱን ሚዛን ይዞ የሚመጣ፣ የራሱን ላብ የሚጠይቅ፣ የጎረቤቱን ግማሽ ኪሎ የማይነካ ነው። ሌባው ግን ሌሎች ለራሳቸው እንዳያስቡ ይፈልጋል። ሁሉም ግማሽ ኪሎውን አጥብቆ ቢቆጥር ሌባው የሚበላው አያገኝም።

ደግነት አያስፈልግም እንዳልል በ2010 ዓ.ም. ያየሁት ያግደኛል። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ራሳቸው ቆጮ ያጠራቸው ሰዎች ቤታቸውን ከፍተው አስተናግደዋል። ያንን ሳስታውስ ዛሬም እንባ ይመጣብኛል። ግን ልብ በል፤ ሊያካፍል የቻለው ጓሮው ውስጥ እንሰት ያለው ሰው ነው። እንሰቱን ከዓመታት በፊት ሲተክል ለተፈናቃይ ብሎ አልተከለም፤ ለራሱ ልጆች ክፉ ቀን ነበር። ደግነት ለክፉ ቀን ነው፤ ለክፉው ቀን የሚሆነውን የሚያከማቸው ግን የደኅናው ቀን ስስት ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የጌዴኦ መልክዓ ምድር ተመልከት። ሽማግሌዎቹ የሚጠብቋቸው የተከበሩ ደኖች አሉ፤ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ የሚደነግገው ሥርዓት አለ፤ አጥር የሌለው ስስት እንደማይበጅ ያውቃሉ። የቀረው አረንጓዴ ሁሉ ግን የጓሮ ድምር ነው። አንዱ አባወራ ለእራቱ እንሰት፣ ለገንዘቡ ቡና፣ ለቤቱ ማገርና ለቡናው ጥላ ዋንዛና ብርብራ ተከለ። ከአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት ገጠሮች አንዱ የሆነው አገር ደን መስሎ የሚታየው እያንዳንዱ ስለ ጓሮው ስለተጨነቀ ነው።

እድራችንንም አስበው። እድር የምንከፍለው ለሟቹ በጣም ስላዘንን ቢሆን ኖሮ ሐዘናችን ሲበርድ በፈረሰ ነበር። እኔም እሞታለሁ፣ የእኔም ድንኳን ይተከላል ብለን ስለምንከፍል ነው ከአያቶቻችን ወደ እኛ የደረሰው። እቁቡም ተራዬ ይደርሳል ብሎ በሚጠብቅ ሰው ይቆማል። ደቦውም ነገ ለእኔ ማሳ ይመጣሉ በሚል። በጣም የምንኮራባቸው ነገሮቻችን ሁሉ ሰውን እንደ ሰውነቱ ወስደው የተሠሩ ናቸው።

ያቺ እናት ያን ማታ ድንጋይዋን ጣቢያው ውስጥ አልተወችም። ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ እንድትተወው ጠየቅኳት። «ሌላው የራሱን ያምጣ» ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደችው። በልቤ ክፉ ሴት ብያት ነበር። በአራተኛው ዓመቴ፣ ሥራውን ልተው ስል፣ ከአሪቻ በመጣው ሰልፍ ውስጥ ድንጋይ የያዙ ሰባት ሰዎች ቆጠርኩ። አንዱም ድንጋይ ለሌላ ሰው ተብሎ አልመጣም። ሚዛኑም ማንም ሳያዘው ዜሮው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።