ወባ በሰው ደም ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በሽታ ሁሉ ስም ብቻ ሳይሆን መንገድም አለው። በየት እንደሚገባ፣ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚጎዳና ምልክቱ ከምን እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው፣ ጊዜያዊ ዕረፍትን ከመዳን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ለእኛ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ልጆች ይህን ለማስረዳት ከወባ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ወባ ወይም ንዳድ ከረግረግ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። «ማላርያ» የሚለው የጣሊያን ቃል ትርጕሙ መጥፎ አየር ማለት ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. ላቨራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአልጄሪያ ሳለ የበሽታውን ተሐዋሲ በሕመምተኛ ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ አየ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ሮናልድ ሮስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አገር በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው።

ሴቷ የወባ ትንኝ በሌሊት ስትነድፍ ተሐዋስያኑን ከምራቋ ጋር ወደ ሰው ታስገባለች። እነርሱም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ጉበት ይደርሳሉ፤ በዚያም አንድ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተደብቀው ይራባሉ። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ሕመም አይሰማውም፤ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ አንዱ ብዙ ሺሕ ሆኖ ወደ ደም ይወጣል።

በደም ውስጥ እያንዳንዱ ተሐዋሲ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ይገባል። ቀይ የደም ሕዋስ ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለመላው ሰውነት የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን በተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ተሐዋሲው ግን ይህንኑ ይመገበዋል። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ዐይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ በ48 ሰዓት ገደማ ሕዋሱን አፈንድተው በመውጣት ሌሎች ሕዋሳትን ይወርራሉ።

ትኩሳቱ የሚመጣው በዚህ ፍንዳታ ነው። ከፈነዳው ሕዋስ የሚወጣው ቆሻሻ የሰውነትን መከላከያ ኀይል ይቀሰቅሳል፤ እርሱም በአንጎል ያለውን የሙቀት መቈጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል። ሰውነቱ ገና እዚያ ልክ ስላልደረሰ በሽተኛው ይበርደዋል፤ ጡንቻዎቹም ሙቀት ለመፍጠር ይንቀጠቀጣሉ። ቀጥሎ ሙቀቱ ወጥቶ ራሱን ይፈልጠዋል፤ በመጨረሻም ላብ ያጠምቀዋል፤ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ በሽተኛው «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» ይላል።

የለቀቀው ግን ትኩሳቱ ነው እንጂ ወባው አይደለም። በሽተኛው ባረፈበት ሰዓት ተሐዋስያኑ በአዳዲስ ሕዋሳት ውስጥ ሆነው ይመገባሉ። ሕዋሳቱ ባለቁ መጠን ደም ያንሳል፤ ፊት ይገረጣል፤ ጕልበት ይደክማል። የተበላሹትን ሕዋሳት የምታጣራው ጣፊያም ታብጣለች። ፋልሲፓረም ከሁሉ የከፋ ነው፤ የያዛቸው ሕዋሳት በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ መንገዱን ይዘጋሉ። ይህ በአንጎል ሲሆን በሽተኛው ራሱን ይስታል፤ በተለይ ሕፃን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ በአመድ እንደ ተዳፈነ ረመጥ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ስለዚህ የሁለቱ ሕክምና ይለያያል፤ በጉበት የተደበቀውን ለማጥፋት ሐኪም መርምሮ እንደ ፕሪማኪን ያለ ሌላ መድኃኒት ያዝዛል።

«ወባ የቆላ በሽታ ነው» የሚሉ የወልድያ ሰዎች አሉ። ለሥራ ወይም ለገበያ ወደ ሀብሩ ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው የሚታመመው ግን ከተመለሰ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ብርድ መታኝ ብሎ ይተኛል። ከፍታም ቢሆን ፍጹም መከታ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች መትቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺሕ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። በሽታውን ለምዶ የማያውቅ ሰውነት ሲያዝ ይበልጥ ይጎዳልና ነው። ወልድያም 2000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት።

እንግዲህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ያስመርምር፤ ወደ ቆላ ወርዶ እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገር። የታዘዘለትን መድኃኒት ትኩሳቱ ቢለቀውም እስከ መጨረሻው ፍሬ ይዋጥ። የተረፈውን ለጎረቤት የሚያካፍል ሰው ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ራሱም አልዳነ፣ ጎረቤቱንም አላዳነ። ትንኝ ወባን ከራሷ አታመነጭም፤ ከታመመ ሰው ደም ተቀብላ ወደ ጤነኛው ታሻግራለች። ስለዚህ ሕክምናውን ያልፈጸመ ሰው በደሙ የያዘው የራሱን በሽታ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡንም ጭምር ነው። አጎበር መዘርጋትና የቆመ ውሃ ማፋሰስም የሁላችን ሥራ ይሁን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።