«ሰይጣን ቤት»
ስለ አሮጌዎቹ የሲኒማና የትያትር ቤቶቻችን ታሪክ

ሰው የሚኖርበትን ቤት ታሪክ ሳያውቅ ቢቀር፥ ቤቱን ተከራየው እንጂ ወረሰው ለማለት አይቻልም። ከተማም እንደዚሁ ነው። በአዲስ አበባ የምንኖር ክርስቲያኖች ስለ አድባራቱ ማን እንደ ተከላቸው፥ በማንስ ዘመን ቅዳሴ ቤታቸው እንደ ተከበረ አባቶችን ጠይቀን እንረዳለን። ሕዝቡ በዕረፍት ቀኑ ይሰበሰብባቸው ስለ ነበሩት ስለ ሲኒማና ስለ ትያትር ቤቶች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ወር ልንጽፍላችሁ ያሰብነው ስለ እነዚህ ቤቶች ነው።

ለዚህ ያነሣሣን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። በምናስተምርበት በቦሌ አካባቢ ያሉ ልጆች ሲኒማን የሚያውቁት በትልልቅ የንግድ ሕንጻዎች ውስጥ ነው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል አጠገብ በተሠራው በኤድና ሞል ማቲ የተባለው ሲኒማ፥ በቦሌ መንገድም ዝነኛው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባሠራው ሕንጻ ዓለም ሲኒማ በተከፈቱ ጊዜ፥ ለአካባቢው ወጣት ሲኒማ ማለት እነዚህ ሆኑ። አንድ ቀን ታዲያ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፥ «መምህር፥ አያቴ ሲኒማን ሰይጣን ቤት እያለች ነው የምትጠራው፤ ስድብ ነው ወይስ ስሙ ነው?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኛ ግን መልሱን አጥርተን አናውቀውም ነበርና አልሣቅንም፤ «ጠይቀን እንነግርሃለን» ብለን አለፍነው።

ጠይቀን የደረስንበት መልስ ሁለቱም ነው የሚል ነው። ሉሚዬር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከዓድዋ ድል ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። መሣሪያው ብዙ ዓመት ሳይቆይ ወደ አገራችን ደርሶ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ታየ። በኋላም ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው አካባቢ ሲኒማ የሚታይበት ቤት ቢከፈት፥ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም አወጣለት።

በዚህ ስም መሣቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አያቶቻችን ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሥጋና ደም የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ይሄዳል፤ ድምፅ የሌለው ፈረስ ይጋልባል፤ መብራት ሲበራ ግን ነጭ ግድግዳ ብቻ ይቀራል። ከአባቶች ትምህርት «ምትሐት» የሚለውን ቃል የተማረ ሕዝብ፥ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ባየ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ያመጣ ነበር? ስሙ ከፍርሃት ብቻ ሳይሆን ከማመዛዘንም የወጣ ነው። ቆይቶ ስድብነቱ እየተረሳ ሄደና የቤቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የተማሪያችን አያት የሚናገሩት ስድብም ስምም ነው ማለት ነው።

የትያትር ነገር ደግሞ ከዚህ ለየት ይላል። በሩስያ አገር የተማሩት፥ ኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ የሆኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ተውኔት ጽፈው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አሳዩ። በአውሬዎች ምሳሌ የጊዜውን አስተዳደር ጉድለት የሚገልጽ ስለ ነበረ መኳንንቱን አስቀየመ፤ በንግሥቲቱም ትእዛዝ ትያትር ተከለከለ። ልብ እንበል፤ ይህኛው የተከለከለው ምትሐት ነው ተብሎ ሳይሆን እውነት ስለ ተናገረ ነው።

ከዚያ በኋላ የአማርኛን ትያትር ያሳደጉት እነማን ነበሩ ቢባል፥ ብዙ ሰው በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ይመስሉታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ፥ የቅኔ ሊቅ የነበሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ቅኔ ከዘረፉበት አንደበት የትያትር ቃል አወጡ፤ ተማሪዎችንም ሰብስበው አሠለጠኑ። በጠላት ወረራ ዘመን ተሰድደው፥ ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. አረፉ። ማኅሌት የቆመ፥ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ከካህናቱ ጋር የዘመረ ሰው፥ ሕዝብ ተሰብስቦ በዓይኑም በጆሮውም እንዴት እንደሚማር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ የትያትር ቤታችን ታሪክ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ታሪክም አካል ነው፤ ሌላ ሰው ጽፎ እስኪሰጠን ድረስ መጠበቅ አይገባንም።

በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በድንበር በተሰበሰበ ጊዜ፥ በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ዓላማው በንግግርና በመዝሙር ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት ማነሣሣት ነበር። ዛሬ ሀገር ፍቅር ትያትር የምንለው የዚሁ ማኅበር ልጅ ነው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ደግሞ ለራሱ ሰዎች ሲኒማ ቤቶች ሠራ፤ በአገሩ ላይ ባለቤት የነበረው ኢትዮጵያዊ በዘር ሕግ ምክንያት ከነጮች ጋር በአንድ አዳራሽ እንዳይቀመጥ ተለየ። ከድል በኋላ ግን ሕዝቡ በእነዚያው አዳራሾች ገብቶ ተቀመጠ። በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፥ ወደ መርካቶ ሲኒማ ራስና ሲኒማ አዲስ ከተማ፥ በመካከል አምባሳደር የብዙ ወጣት መሰብሰቢያ ሆኑ።

ጠላት «ማርኮኒ» ብሎ ጀምሮ ሳይፈጽመው የቀረው ሕንጻም ተሠርቶ ተፈጸመና፥ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተብሎ ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው ነው። ለመክፈቻው የታየው ተውኔት በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው የጻፉት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። በዓሉ የንጉሥ በዓል ነው፤ በመድረኩ ላይ የታየው ግን ንጉሥ የሰው ሚስት ወስዶ ባልዋን ለሞት እንደ ላከ የሚናገረው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው። አዲስ ቤት በንስሐ ታሪክ ሲመረቅ፥ ያንን ቤት የሰይጣን ነው ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ጥቂት ቆም ማለት ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍትና ከሚያውቁ ሰዎች ለማግኘት ቻልን። በመጽሐፍ ያልተጻፈውን በፈለግን ጊዜ ግን የራሳችን ስንፍና ከፊታችን ቆመ። በሰፈራችን፥ በገርጂ፥ በወጣትነታቸው የሲኒማ መሣሪያ ያንቀሳቅሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሄደን ብንጠይቃቸው ደስ አላቸው። ፊልሙ በክብ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ እንደሚመጣ፥ 2000 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል 22 ደቂቃ ያህል ብቻ እንደሚያሳይ፥ ስለዚህም ሁለት መሣሪያ ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እንደሚቀበል አስረዱን። በየሴኮንዱ 24 ሥዕሎች በብርሃኑ ፊት ያልፋሉ፤ ብርሃኑም የሚገኘው ኤሌክትሪክ በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል ሲነድ ስለ ነበረ፥ ዘንጎቹ እያለቁ ሲሄዱ በእጅ ማቀራረብ ያስፈልግ ነበር። «ልጄ፥ ሕዝቡ ሲሥቅና ሲያለቅስ እኔ እሳቱን ነበር የምጠብቀው» አሉን።

ከዚያም አሮጌ ቲኬትና የፊልም ማስታወቂያ የሞላበት አንድ ሣጥን እንዳላቸው ነገሩን። «አባባ፥ ከፋሲካ በኋላ ደብተር ይዤ እመጣለሁ» ብለን ተለየናቸው። ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማ ትንሣኤም አለፈ፤ የፈተና ወረቀት ማረም ያዘን። በሰኔ ስንሄድ ድንኳን ተተክሎ አገኘን። ከአርባቸው በኋላ ስለ ሣጥኑ ልጃቸውን ብንጠይቃት፥ «ወይ መምህር፥ ምነው ቀደም ብለው በነገሩን! ወረቀቱን ቆሎ ለምትሸጠው ሴትዮ ሰጠናት» አለችን። በእርስዋ አንፈርድም፤ ዋጋውን የነገራት ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሰው እንዲህ ሲያልፍ ሕንጻም ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከተማ መታደሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ነገር በፈረሰው ስፍራ ምን እንደ ነበረ የሚመሰክር ጽሑፍ አለመቅረቱ ነው። የአስመራን ከተማ እንመልከት። እዚያ ካቫኛሪ የተባለ ጣልያናዊ የሠራው የኦፔራ ቤትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ ከሌሎቹ ሕንጻዎች ጋር ተመዝግበውና ተጠንተው ስለ ተጠበቁ፥ ከተማዋ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። ቤቶቹን ያሠራው ቅኝ ገዥ ቢሆንም፥ የኖረባቸው ሕዝብ ታሪኩ አድርጎ ያዛቸው።

እኛስ ለመመዝገብ እንግዶች ነን? በየገዳማቱ የሚገኙትን የብራና ወንጌሎች የገለጠ ሰው፥ ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ የርስት ስጦታ፥ የንብረት ዝርዝርና የዘመኑ ነገር ተጽፎ ያገኛል። አባቶቻችን ባዶ ገጽ አላባከኑም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተሰብ አንድ ደብተር አዘጋጅቶ ሽማግሌዎቹን አራት ነገር ይጠይቅ፦ የት ገባችሁ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ከማን ጋር? ምን አያችሁ? መልሱ በተናጋሪው አነጋገር ይጻፍ፤ የተነገረበት ቀንም ይመልከትበት። አሮጌ ፎቶግራፍ በተገኘ ጊዜ በጀርባው የሰዎቹ ስም በእርሳስ ይጻፍ። ቲኬትና ማስታወቂያ ከመጣሉ በፊት ለሚያውቅ ሰው ይታይ።

ለተማሪያችን መልሱን በነገርነው ጊዜ ይህንኑ የቤት ሥራ ሰጠነው። በሳምንቱ አንድ ገጽ ጽፎ አመጣ። አያቱ ሲኒማ ቤት የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ፥ እርሱም ከሠርጋቸው በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ነው። ፊልሙ የህንድ ነበረ፤ ቋንቋውን ሳይሰሙ አለቀሱ። ነገሩ ሕሊናቸውን ቢከብደው ለነፍስ አባታቸው ተናገሩ። ካህኑም፥ «ለሰው መከራ ማልቀስ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ስትወጪ በደጅ ለተቀመጠው ለማኝ ደግሞ አልቅሺ» አሏቸው። ልጁ በገጹ ግርጌ፥ «አያቴ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የጠየቃት ሰው ስለሌለ ነው» ብሎ ጽፎበታል።

ይህች አንዲት ገጽ ስለ ሲኒማ ብዙ ከተከራከርንበት ይልቅ አስተማረችን። ቤቱ ግድግዳ ነው፤ ሰይጣንም መልአክም የሚያደርገው በውስጡ የሚታየውና ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ነገር ነው። ይህን ለይተን ለልጆቻችን ለመናገር ግን አስቀድመን የሆነውን ማወቅ አለብን። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በቤታችን አሉ፤ ነገ ስለ መኖራቸው ቃል የሰጠን የለም። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፤ እኛንም ደብተራችንን ይዘን ሳንዘገይ የምንደርስ ያድርገን።