ያረጀ ፍየል ሽንት ሲቸግረው

ረመዷን ሲገባ የቤታችን ሰዓት ይገለበጣል። ሌሊት ለሱሑር እንነሳለን፤ ረፋዱን ግቢው ጭር ይላል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ሁሉም ወደ ማጀት ይሮጣል። ይህን ልጅም አዋቂም ያውቀዋል። የማያውቀው በግቢው ጥግ የታሰረው ፍየል ነው። እሱ ጾም የለበትም፤ ጠዋት ውሃ የሚሰጠው ልጅ ከሱሑር በኋላ ተኝቶ ሲያረፍድ ግን ሳይወድ በግዱ አብሮን ይጾማል።

እዚህ የምናነሳው ለዒድ ስለሚገዛው ሙክት አይደለም። እናቱ ሞታበት በጡጦ ያደገ፣ ልጆች ስም ያወጡለት፣ ዒድ በመጣ ቁጥር «ለከርሞ ይደርሳል» እየተባለ ያለፈና በመጨረሻም ማንም ቢላ ሊያነሳበት ያልደፈረ ፍየል በየሰፈሩ አንድ ሁለት አይጠፋም። እኛ ቤት ያለው ቡላ ይባላል። የተኮላሸ ነው፤ 11 ዓመት ሆኖታል። ፍየል ደህና ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊኖር ስለሚችል ቡላ ሽማግሌ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አልቋል፤ ጉልበቱ ደርቋል፤ ሽንቱም አንድ ጊዜ ተዘግቶበት ከሞት ተርፏል። እንዲህ ያለ ፍየል ያላቸው ቤተሰቦች ረመዷንን ከሌላው ወር ይልቅ በጥንቃቄ ሊያልፉት ይገባል የምንለውም ለዚህ ነው።

ከአገሩ እንጀምር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ፍየል ደግሞ የቆላ ወዳጅ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ፍየል የሚበዛው ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቁጥቋጧማ ቁልቁለት ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ መስኩ የበግ ይሆናል። ቆላ ያለ ፍየል ቀኑን ሙሉ እየተዘዋወረ ቅጠል ሲቀነጥስ ይውላል። ከተማ ግቢ ውስጥ የታሰረው ግን የሚበላው እኛ የሰጠነውን ብቻ ነው። የደጋው ጠዋት ብርድ ነውና ሌሊቱን በባልዲ ያደረውን ቀዝቃዛ ውሃ አሽትቶ ይተወዋል። የዘንድሮው የ2018 ረመዷን የገባው ደግሞ በየካቲት፣ ሣሩ ደርቆ መኖው ሁሉ ገለባ በሆነበት ወቅት ነው። ደረቅ መኖ የሚበላ ትልቅ ፍየል እንደ ሰውነቱና እንደ አየሩ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ውሃ ይፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ውሃ ያነሰው ፍየል ሽንቱ ይወፍራል፤ ውስጡ ያለው ማዕድንም እየረጋ እንደ አሸዋ ይጠጥራል። የወንድ ፍየል የሽንት ቧንቧ ረጅምና ቀጭን ነው። መንገድ ላይ ይታጠፋል፤ ከብልቱ ጫፍም እንደ ትል የቀጠነች ትንሽ ቧንቧ ትወጣለች። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚወተፈው ከመታጠፊያው ወይም ከዚያች ጫፍ ላይ ነው። በተለይ ገና በግልገልነቱ የተኮላሸ ፍየል ቧንቧው በደንብ ሳይሰፋ ስለሚቀር የበለጠ ይጠቃል። እንስቷ ቧንቧዋ አጭርና ሰፊ በመሆኑ ጠጠር እምብዛም አይዘጋባትም፤ እሷን በእርጅና የሚያስቸግራት ይልቅ የፊኛ ቁስለትና ሽንት አለመቋጠር ነው።

ጠጠሩን የሚያመጣው የውሃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ደግነታችንም ያመጣዋል። ፉርሽካ፣ ገብስ፣ በቆሎና ዳቦ ፎስፈረስ የሚበዛባቸው፣ ካልሲየም የሚያንሳቸው ናቸው። ለፍየል የሚስማማው የተገላቢጦሹ ነው፤ የእንስሳት መኖ ባለሙያዎች ካልሲየሙ የፎስፈረሱን ሁለት እጥፍ ያህል እንዲሆን ይመክራሉ። ታዲያ በረመዷን ለግቢው ፍየል የሚደርሰው ምንድን ነው? የተረፈ ዳቦ፣ የሾርባ አጃ ዝቃጭ፣ የሳምቡሳ ሊጥ ቁራጭ ነው። ኢፍጧር ላይ ትሪው ሲነሣ ልጆች የተረፈውን ይዘው ወደ እሱ ይሮጣሉ። እህል መጣል ስለማንወድ እኛም ደስ ይለናል። ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ፍየል ደግሞ ዳቦ ለማኘክ ስለሚቀለው ድርቆሹን ትቶ እሱኑ ይጠብቃል። በወሩ መጨረሻ አምሮበትና ሆዱ ሞልቶ ይታያል፤ ጠጠሩ ግን ውስጥ ውስጡን እየተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቡላ ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀርባውን አጉብጦ፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲያምጥ አገኘነው። ጅራቱን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፤ ያቃስታል፤ ወደ ሆዱ ዞሮ ያያል። በመጀመሪያ የሁላችንም አፍ የተናገረው «ሆዱ ደርቆበት ነው» የሚለውን ነበር። ብዙ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። እናታችን ግን በጥርጣሬ ወደ ደረቅ ሲሚንቶ ወሰደችውና ቆማ ጠበቀች። በጠጠሉ አንድ ሁለት ጊዜ ጣለ። ሽንት ግን ጠብ ጠብ ከማለት አላለፈም። በሽንት መውጫው ፀጉር ላይም እንደ ጨው የሚሻክር ነጭ ቅንጣት በጣቷ ነካች።

ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ሽንቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ፍየል በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፊኛው ወይም ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። ሰውን የሚያታልለውም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፊኛው ሲቀደድ ጭንቀቱ ይቀንሳል፤ ፍየሉ ማማጡን ትቶ ይተኛል፤ ቤተሰቡም «ተሻለው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሽንቱ ግን ሆዱ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በማግስቱ ሆዱ ይነፋል፤ ያን ጊዜ የሚደረግለት ብዙም የለም።

ስለዚህ ወንድ ፍየል ሲያምጥ ከተገኘ መግሪብም ቢቃረብ፣ ሾርባውም እሳት ላይ ቢሆን አንድ ሰው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይዞት ይሂድ ወይም ሐኪሙን ይጥራ። እስከዚያው ዘይት፣ የሳሙና ውሃ ወይም የባህል መድኃኒት በጉሮሮው ማንቆርቆር አይገባም፤ መውጫው በተዘጋ ፊኛ ላይ ፈሳሽ መጨመር መቀደዱን ያፋጥነዋል። ሽንት የሚያሸና መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሆዱን መጫንማ ጭራሽ አይታሰብም። እህሉን ከፊቱ አንሥቶ ጥላ ሥር ማቆም ይበቃል።

ሐኪሙ ቡላን ማደንዘዣ ወግቶ በቂጡ እንደ ሰው አስቀመጠውና ብልቱን አውጥቶ ያቺን ቀጭን ጫፍ ቆረጣት። ጠጠሩ እዚያው ነበር፤ የሩዝ ፍሬ አታክልም። ሽንቱ ወዲያው ወረደ። የጫፏ መቆረጥ ሽንት ከመሽናት አያግደውም። ሁሉም ፍየል ግን እንደዚህ አይታደልም። ጠጠሩ ከመታጠፊያው ላይ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩት የጎንደር ዩኒቨርሲቲና በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለዚህ የሚታሰቡ ናቸው፤ ሽንቱ የተዘጋበት ሽማግሌ ፍየል በመኪና ተጭኖ ያን ያህል መንገድ መሄዱ ግን ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው። ጠጠር አንዴ ከያዘ የመመለስ ልማድ እንዳለውም ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮናል።

ከዚያ ወዲህ ቡላ እህል አይቀርብለትም። ለስላሳ ድርቆሽና ቅጠል በአጭሩ እየተከተፈ ይሰጠዋል። ትሪሉሰርንና ሰስባንያ በአጥር ዳር የሚበቅሉ፣ ካልሲየም ያላቸው ቅጠሎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከድርቆሹ ጋር ተቀላቅለው እንጂ ብቻቸውን መሆን የለባቸውም፤ ካልሲየም ሲበዛ ሌላ ዓይነት ጠጠር ያመጣል። ጨው ስናስልሰው ውሃ ይጠጣል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሱሑር ስንነሳና ከዐስር በኋላ፣ ለብ ብሎ ይቀርብለታል። የሱሑሩ ሰዓት ለእኛም ይመቻል፤ ምድጃው ነድዷል፣ ሁሉም ነቅቷል። ሽንቱን የሚያኮመጥጥ አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል መድኃኒት በመኖ እየተቀላቀለ የሚሰጥበት አገር አለ፤ ይህን ግን መጠኑን የሚወስን ሐኪም ሳይኖር በቤት መሞከር አይገባም።

የጠጠሩ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀረው የእርጅናው ጣጣ ነው። ያረጀ ፍየል ሲነሳ ይከብደዋል፤ የተኛበት ላይ ይሸናል። ሽንት የነካው ቆዳ ይቃጠላል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ዝንብ ይወርረዋል። በቆለጡ ዙሪያና በጭኑ መሐል ያለውን ፀጉር በመቀስ ማሳጠር፣ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም ቫዝሊን መቀባት ይጠቅማል። መኝታው ላይ የሚነጠፈው ጭድ በየቀኑ ይቀየር። አንዳንዶች እርጥበት እንዲመጥ አመድ ይበትናሉ፤ አመድ በሽንት ሲርስ ቆዳ ስለሚያቃጥል ለታመመ ፍየል አንመክረውም። ሽንቱ ከቀላ ወይም ከሸተተ በንጹሕ ብልቃጥ ተቀብሎ ለሐኪሙ ማሳየት ነው።

በረመዷን ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ግን የጦሃራው ጉዳይ ነው። ፍየሉ ብርድ ሲሆን ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ያጠበው ሰው ልብሱ ይረጫል፤ ተራዊሕ ደርሷል። የሚበላ እንስሳ ሽንት ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ዑለማእ ከጥንት ጀምሮ ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሃብ ነጃሳ ነው፤ የነካው ልብስና ቦታ በውሃ ይታጠባል። በሐነፊይ ነጃሳነቱ ቀለል ይላል። በማሊክይና በሐንበሊይ ሥጋው የሚበላ እንስሳ ሽንት ንጹሕ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በበግና በፍየል ማደሪያ መስገድን መፍቀዳቸው ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው። የየራሳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። እኛ ቤት የተያዘው ዘዴ ቀላል ነው፤ ቡላን የሚያጥበው ሰው የተለየ ሽርጥ አለው፣ ሽርጡ በበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይቆያል፣ የሶላቱ ምንጣፍም ወደዚያ ክፍል አይገባም።

አንዳንድ ጎረቤት «ለአንድ ፍየል ይህን ያህል?» ይለናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰውም እየተቸገረ ያለበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ የውሻን ጥም ያረካ ሰው ምሕረት ማግኘቱን፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት መቀጣቷን በሐዲስ ያልሰማ ሙስሊም የለም። የታሰረ እንስሳ ውሃውን ፈልጎ መሄድ አይችልም። ያሰረው ይጠየቃል። ነቢያት ሁሉ በግና ፍየል መጠበቃቸውንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል፤ እሳቸውም የመካ ሰዎችን ከብት ጠብቀዋል።

ማረዱስ? ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ቤተሰብ ፍየሉን ይበድለዋል ብለን እናምናለን። ቡላ እንደገና ቢዘጋበትና ሐኪሙ ተስፋ የለውም ቢል፣ ቀናት ሙሉ ሲያምጥ ከማየት በሰላ ቢላ፣ በቢስሚላህ፣ ሌሎች እንስሳት በማያዩበት ቦታ መታረዱ ይሻለዋል። ልጆቻችንም ይህን ከአሁኑ ሰምተዋል፤ ታናሿ አልቅሳለች፣ ታላቁ ደግሞ ዝም ብሏል። ሥጋው የሚበላ መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ ይንገር። ፊኛው ከተቀደደ ሥጋው ሽንት ሽንት ይሸታል፤ መርፌ ከተወጋም መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ መብላት አይፈቀድም። «እስከ አረፋ ይቆይና ኡድሂያ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ግን አይሠራም፤ ሕመሙ ግልጽ የሆነ፣ የሚያነክስ ወይም ከክሳት የተነሣ መቅኔ የሌለው እንስሳ ለኡድሂያ አይበቃም።

ለጊዜው ቡላ ይበላል፣ ይሸናልም። የሚያሳስበን የዒድ ቀን ነው፤ ዘመድ ሁሉ ዳቦና ኩኪስ ይዞ ይመጣል፣ የእንግዳ ልጆችም ፍየል ማብላት ይወዳሉ። ለእነሱ የሚሆን የትሪሉሰርን ቅጠል ጠዋት ቆርጠን በዘንቢል አጥሩ ላይ እንሰቅላለን፤ ማብላት ያማረው ልጅ ከዚያ ይውሰድ።